የተጣለው የት ገባ?

የጋሽ ኦቻላን መሞት የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ገበያው ጋ ስንደርስ ዞር አለና፣ «ያ እናንተ ቢሮ የነበረው፣ ሁልጊዜ በእግሩ የሚሮጠው ሽማግሌ ዐረፈ አሉ» አለኝ። «የትኛው?» አልኩት፣ የትኛው እንደሆነ ልቤ እያወቀ። «ና ላሳፍርህ ስለው ‹ቁጭ ማለት አልወድም› የሚለኝ ነዋ!» አለ።

እያለቀስኩ ቢሮ ገባሁ ብል ውሸት ነው። ተናድጄ ነው የገባሁት። ጅማ ለሕክምና ሲሄድ፣ «ቶሎ እመለሳለሁ፤ ወንበሬን ለማንም እንዳትሰጪ» ብሎኝ ነበር። የትኛውን ወንበር? ከአንድ ቀን በቀር ያልተቀመጠበትን! የውኃ ጀሪካኑንና ቦርሳውን የሚያስቀምጥበትን ወንበር አደራ ብሎኝ ሄዶ፣ እኔም እንደ ሞኝ የመጣውን ሠራተኛ ሁሉ «ሰው አለው» እያልኩ ስመልስ ከረምኩ። እና አሁን በባጃጅ ሹፌር አፍ ሞተ ይሉኛል። አይ ጋሽ ኦቻላ!

ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ጋምቤላ ያመጣኝ ሥራ ነው። እሱ የዚያው የጋምቤላ፣ የጎግ ሰው ነው፤ ብሔሩ አኝዋ። ኮምፒውተር የተማረው አዲስ አበባ ነው፤ ዳታቤዝ ላይ ደግሞ እሱን የሚያህል በክልሉ አልነበረም፤ እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል፣ ይናገራልም። ትሕትና የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም። ገና በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ስለው፣ «አንተ በይኝ። እርስዎ ስትይኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል» ብሎ አስጣለኝ። «ጋሽ» የምትለዋን ግን አላስጣለኝም፤ ደስ ትለው ነበር።

ክፍላችን በየጤና ጣቢያው ያሉትን የመድኃኒት ፍሪጆች ሙቀት የሚከታተል ክፍል ነው። ባለሙያው ጠዋትና ከሰዓት ቴርሞሜትሩን አይቶ ሰዓቱንና ዲግሪውን በስልክ ይልካል። መልእክቱ ከተማ ሲደርስ እኛ «ወንፊቱ» የምንለው ፕሮግራም ይቀበለዋል። ያነባል፣ የተበላሸውን ይለያል፣ ሁለቴ የደረሰውን፣ «ድግም» የምንለውን፣ ይጥላል፣ ደህናውን ዳታቤዙ ውስጥ ያስገባል። እኔ ከዳታቤዙ እየወሰድኩ ኃላፊዎች የሚያዩትን ስክሪን እሠራለሁ፤ ፍሪጁ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ከሞቀ ቀይ። ወንፊቱ የሠራውን ሁሉ ይጽፋል፣ ይህ ደረሰ፣ ይህ ገባ፣ ይህ ተጣለ እያለ። ሎግ የምንለው እሱን ነው። በዚያን ጊዜ ሎጉ ማንም የማያነበው፣ እንደ ባሮ ወንዝ የማያልቅ የጽሑፍ ፋይል ነበር፤ ዲስኩ ሲሞላ ይጠረግና እንደገና ይጀመራል።

ጋሽ ኦቻላ ጠዋት ሲገባ «እንደምን አደርሽ» አይልም። ቁልፉን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገ፣ «የተጣለው የት ገባ?» ነበር የሚለው። መጀመሪያ ሰሞን ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር። ኋላ ላይ አንገፈገፈኝ። «ጋሼ፣ የተጣለማ ተጣለ! ቆሻሻ ተጥሎ የት እንደገባ ይጠየቃል እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን። ቆም አለና (ቆም ማለቱ ራሱ ብርቅ ነው) «ቆሻሻ መሆኑን ማን አየ?» አለኝና መንጎራደዱን ቀጠለ። እኔም ወደ ስክሪኔ ተመለስኩ።

ይህ አመሉ ቢሮ ውስጥ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ባሮ ዳር ካለው አሳ ቤት ምሳ ሊጋብዘኝ ወስዶኝ ያዋረደኝን አልረሳውም። የአሳ ጥብስ አዘዘ፤ አስተናጋጁ «አልቋል» አለው። ሌላ ሰው ዝም ብሎ ሌላ ያዛል አይደል? እሱ ግን ተነሳ። «አልቋል ብለህ የመለስከውን ሰው ትጽፋለህ?» አለው።

«የበላውን ነው የምጽፈው ጋሼ፣ ያልበላውን ምን ልጽፈው?»

«እና ጌታህ ነገ ስንት አሳ መግዛት እንዳለበት በምን ያውቃል?»

«ኧረ ጋሼ፣ እሱ በግምት ነው የሚገዛው።»

«ይኸው!» አለ ወደ እኔ ዞሮ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው እያየን፣ «አየሽ? የበላው ተጽፏል፣ ተርቦ የሄደው አልተጻፈም!» መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ቆሞ፣ በቆመበት፣ በምትኩ ያዘዘውን የአሳ ወጥ በላ። እሾሁን እየለቀመ ጠርዝ ላይ ሲደረድር ግን እጁ የተረጋጋ ነበር፤ በዚያ ሰው ላይ የተረጋጋ ነገር ያየሁት እጁን ብቻ ነው።

ነገሩ ከአመልነት ያለፈው አሪየት የደወለች ቀን ነው።

አሪየት ልጁ ናት፤ አንዲት ልጁ። ማታር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆና ተመድባ ነበር። ማታር ድንበሩ አጠገብ ነው፤ ከወዲያም ከወዲህም ነፍሰ ጡር ይመጣባታል። የአካባቢውን ቋንቋ ኑዌርኛን በዓመት ውስጥ ለምዳ እናቶቹ «የእኛ ልጅ» ይሏት እንደነበር አባቷ በኩራት ሲያወራ ሰምቻለሁ። የዚያን ቀን ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የያዘው፣ እንደ ልማዱ እየተንጎራደደ።

«አባ፣ መርፌው አይሠራም» አለች። «ከወሊድ በኋላ ደም የሚያቆመውን ማለቴ ነው። እወጋለሁ፣ ደሙ አይቆምም። እደግማለሁ፣ አይቆምም። ትናንት አንዲት እናት ሞተችብኝ፣ አባ።»

መንጎራደዱን አቆመ።

«መድኃኒቱ ሞቆ ይሆን?» አላት።

«ፋርማሲስቱን ጠይቄዋለሁ። ‹ፍሪጁን ከተማ ያየዋል፤ ችግር ቢኖር ይደውሉልን ነበር› አለኝ። ኃላፊዬ ደግሞ ‹እጅሽ ነው፣ አወጋግሽ ነው› ይለኛል። አጣሪ ሊልኩብኝ ነው። አባ፣ እጄ ነው እንዴ?» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ወዲያው የማታርን ስክሪን ከፈትኩ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። ወሩን ሙሉ አረንጓዴ። እውነቱን ልናገርና ያንን ቀለም ባላየሁት ብዬ ተመኘሁ፤ ፍሪጁ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የልጅቷ እጅ ነው ማለት ነውና። ጋሽ ኦቻላም አየ። ቀረብ ብሎም፣ «ማታር ለምንድነው በቀን አንዴ ብቻ የምትታየው?» አለ።

«ኔትወርክ ነዋ ጋሼ። ማታር አንዴም ብትልክ ተመስገን ነው» አልኩት፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንለው።

«ልካ ቢሆንስ?» አለ። «ልካ፣ ወንፊቱ ጥሎት ቢሆንስ?»

ሎጉን ከፈትነው። ምን ዋጋ አለው! ዲስኩ ሞልቶ በዚያው ሳምንት ተጠርጓል። ከጥርጊያው ወዲህ ያለው ደግሞ የሁሉም ጤና ጣቢያ መልእክት እርስ በርሱ የተደበላለቀበት ነው፤ ጎግ፣ ኩሌ፣ ማታር፣ ምኑ ቅጡ። ጋሽ ኦቻላ ጣቱን ስክሪኑ ላይ እየነዳ ትንሽ ከሄደ በኋላ ተወው። «ፋይል ይነበባል እንጂ አይጠየቅም» አለ። «እኔ ደግሞ ልጠይቀው ነው የምፈልገው። ሎጉ ሠንጠረዥ ውስጥ መግባት አለበት፣ እዚያው ከሙቀቱ ጎን፣ ዳታቤዙ ውስጥ። ያኔ የገባውንና የተጣለውን አስተያይቼ እጠይቀዋለሁ።»

ኃላፊያችን አቶ ግርማ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዝም ያለ ቢሮ የሚወድ ሰው ነው። «የልጅህ ጉዳይ ስለሆነ ነው እንዲህ የሆንከው» አለው ጋሽ ኦቻላ ሲነግረው።

«አዎ፣ የልጄ ጉዳይ ነው» አለ ጋሽ ኦቻላ፣ ሳያፍር። «እጇ ከሆነም ይውጣ። እኔ ራሴ ‹ልጄ ናት ጥፋተኛዋ› ብዬ እፈርማለሁ። ግን አይቼ ነው የምፈርመው።»

ያን ሲል ፊቱን አየሁት። የምሩን ነበር። ልጁን ሊያድን የሚሮጥ አባት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልፈራሁለት። እሱ ግን እውነቱ በየትኛውም በኩል ይውጣ ብሎ ነበር የሚሮጠው፤ ልጁን ሊበላበት እንደሚችል እያወቀ።

የመጀመሪያው ሙከራው አፈር በላ። ወንፊቱ እያንዳንዷን የሎግ መስመር በቀጥታ ዳታቤዙ ላይ እንዲጽፍ አደረገው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ግን ኔትወርኩ በተጨናነቀ ቁጥር ወንፊቱ «ጻፍኩ» እስኪባል ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። አንዷን መስመር ሲጠብቅ ከኋላ ያለው መልእክት ይከመራል። በማግስቱ ጠዋት ስንገባ የክልሉ ስክሪን በሙሉ ባዶ ነበር፤ አንድም ፍሪጅ አይታይም። ስልኩ ያለማቋረጥ ይጮኻል። አቶ ግርማ ከቢሮው ወጥቶ፣ «ኦቻላ! የሠራውን የሚጽፍ ሎግ ሥራውን አስቆመው እኮ! ለአንድ ማታር ብለህ አገሩን አጨለምከው!» እያለ ጮኸበት። እውነቱን ነበር። ጋሽ ኦቻላ ራሱ «እውነቱን ነው» አለኝ ኋላ፣ ላቡን እየጠረገ። ወንፊቱን እንዳይነካ ተከለከለ።

ሌላ ሰው ቢሆን አኩርፎ ይቀመጣል። እሱ መቀመጥ አይችልበትም። ያን ሰሞን ኮሪደሩን ሲመላለስ ጽዳቷ፣ «ጋሼ፣ ሴራሚኩን ልትጨርሰው ነው» አለችው። አሪየት በየቀኑ ትደውላለች፤ ድምፁን ከፍ ማድረጉን ትቶ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ መስማት ጀመረ። ምን እንዳለችው አይነግረኝም። አጣሪዎቹ የሚሄዱበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በሩን በርግዶ ገባና፣ «ወንፊቱን አትንካ ነው ያለኝ፤ ፋይሉን አትንካ አላለኝም!» አለ።

ያደረገው እንዲህ ነው። ወንፊቱ እንደ ድሮው ፋይሉ ላይ ይጽፋል፣ ማንንም አይጠብቅም። ጋሽ ኦቻላ ለብቻዋ የምትሠራ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። እሷ ከፋይሉ እየቀዳች፣ ሰብሰብ ሲልላት ዳታቤዙ ውስጥ በአንዴ ትገለብጣለች። ኔትወርኩ ቢቋረጥ ያቆመችበትን ታውቃለች፤ ሲመለስ ከዚያው ትቀጥላለች። ከወንዝ በጀሪካን ውኃ መቅዳት በሉት፤ ወንዙ ለቀጂው ብሎ አይቆምም።

ሠንጠረዡን የሠራነው አብረን ነው፣ እየተጣላን። እኔ ቸኩዬ፣ «መስመሩን እንዳለ አንድ ዓምድ ውስጥ እንክተተውና እንገላገል» አልኩ። «አንድ ቋት ውስጥ ከከተትሽው ከፋይሉ በምን ተሻለ?» ብሎ ጮኸብኝ። ለየትኛው ጤና ጣቢያ አንድ ዓምድ፣ መልእክቱ ለደረሰበት ሰዓት አንድ፣ ላኪው ለጻፈው ሰዓት አንድ፣ ለዲግሪው አንድ፣ ለተጣለበት ምክንያት አንድ። «ምክንያቱን ለብቻ ካላስቀመጥሽው ‹ለምን ጣልክ› ብለሽ በምን ትጠይቂዋለሽ?» ደግሞ ትክክል ነበር፤ ትክክል ሲሆን ደግሞ አያስችልም፣ ምን ልበላችሁ፣ ማንቁርቱን ይዤ ልነቀው ያሰኘኝ ነበር።

ጥቂት ቀን እንዲጠራቀም ተውነው። ከዚያ መብራት ጠፍቶ በመጣ አንድ ከሰዓት፣ ቢሮው እንደ ምድጃ ግሎ፣ እሱ ከኋላዬ ቆሞ፣ እኔ እየጻፍኩ መጠየቅ ጀመርን።

«ድግም ተብሎ የሚጣለው የት ይበዛል?» አለ።

ጠየቅኩት። ማታር።

«ኔትወርክ ነው ጋሼ፤ ኔትወርኩ ሲንተባተብ መልእክቱ ሁለቴ ይደርሳል» አልኩ።

«እሺ። የተጣለውን ከገባው ጋር አገጣጥሚው። በመጀመሪያውና በድጋሚው መካከል ምን ያህል ጊዜ አለ?»

ጠየቅኩት። ደቂቃዎች ብቻ ይሆናል ብዬ ነበር። ስድስት ሰዓት አለ። በየቀኑ፣ ሁልጊዜ፣ ስድስት ሰዓት።

«ዲግሪያቸውን አውጪው» አለ፤ ድምፁ ወርዶ ነበር።

የገባው አምስት ይላል። የተጣለው ሃያ ስምንት። በማግስቱ የገባው አራት፣ የተጣለው ሃያ ሰባት። በላኪው ሰዓት ዓምድ ላይ ሁለቱም «8» ብለው ነበር የጻፉት።

ማታር ያለውን ፋርማሲስት አስናቀን ደወልንለት። የጎንደር ልጅ ነው፣ ታታሪ። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትለካው?» አለው ጋሽ ኦቻላ።

«በስምንት ሰዓት ነዋ ጋሼ፣ ከምሳ በኋላ።»

«የጠዋቱንስ?»

«ጠዋት ባልደረባዬ ቾል ነው የሚለካው፣ በሁለት ሰዓት። እሱ ግን ‹ስምንት› ነው የሚለው፤ ከድንበሩ ማዶ በእንግሊዝኛ ስለተማረ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ምነው ጋሼ?»

ምንም ማብራሪያ አላስፈለገንም። ቾል ጠዋት ስምንት ብሎ ይልካል፤ ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሲሠራ ስላደረ ፍሪጁ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ናፍጣ ለመቆጠብ ይጠፋል። አስናቀ ከምሳ በኋላ ስምንት ብሎ ይልካል፤ ያኔ ፍሪጁ ግሏል። ወንፊቱ ደግሞ፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፤ ይህማ ደርሶኛል ብሎ ሁለተኛውን ይጥለዋል። ሁለቱም ልጆች አልዋሹም። ሁለቱም ሥራቸውን ሠርተዋል።

«አስናቀ» አለ ጋሽ ኦቻላ፣ «ሃያ ስምንት ሲሆን ለምን አልደወልክልንም?»

አስናቀ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ በየቀኑ እየላክሁላችሁ? በላክሁ ቁጥር እኮ ‹መልእክትዎ ደርሷል› የሚል ይመጣልኛል። እናንተ አይታችሁ ዝም ካላችሁ፣ መድኃኒቱ ይችለዋል ማለት ነው ብዬ… ያያችሁት መስሎኝ ነበር።»

ጋሽ ኦቻላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ጀሪካኑንና ቦርሳውን ከወንበሩ ላይ አንስቶ መሬት አስቀመጠና ተቀመጠ።

እግዜር ያውቃል፣ ሲቀመጥ ፈራሁ። «ጋሼ፣ አመመህ?» አልኩት። «ድግሙን ጣል የሚለውን ትእዛዝ ለወንፊቱ የጻፍኩለት እኔ ነኝ» አለ። ኔትወርኩ ሲንተባተብ ሠንጠረዡ በድግም እንዳይሞላ ብሎ፣ እሱ ራሱ፣ እኔ ከመቀጠሬ በፊት። «እኔ ነኝ የጣልኩት። ልጄ ‹እጄ ነው እንዴ› ስትለኝ… የእኔ እጅ ነበር።» ውኃ ቀዳሁለት፤ አልጠጣም።

ብዙም አልተቀመጠም። ለአሪየት ደውሎ «ያንን መርፌ እንዳትነኪው» አላት። ወደ አቶ ግርማ ገብቶ ሁሉንም ነገረው፤ የራሱን ጥፋት አስቀድሞ። አቶ ግርማ ያን ቀን ሰው ሆነ። ስክሪኑን አይቶ ለመኪናው ፈረመ፣ ለመድኃኒት መጋዘኑም ራሱ ደወለ። በማግስቱ ማለዳ አዲስ መድኃኒት በበረዶ ሣጥን ጭነን ወጣን። ኩሌን ካለፍን በኋላ መንገዱ አጥንት ይለያያል፤ ጋሽ ኦቻላ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አቅፎ፣ በየጉድጓዱ ሾፌሩን «ቀስ! ቀስ በል!» እያለ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ኧረ ፍጠን፣ ምን ሆነሃል?» እያለ አሳበደው።

ማታር ስንደርስ አሪየት በር ላይ ቆማ ነበር። ከስታለች። አባቷ ሣጥኑን ሰጣትና፣ «እጅሽ አይደለም» አላት፣ መጀመሪያ በአኝዋኛ፣ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ። እሷ ሣጥኑን ይዛ ወደ ውስጥ ሮጠች፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት ነበረች። ለመተቃቀፍ ጊዜ አልነበራቸውም። ከሰዓት በኋላ የሕፃን ለቅሶ ስንሰማ፣ ቀጥሎም አሪየት በሩን ከፍታ፣ «ቆመ፤ ደሙ ቆመ» ስትል፣ እኔ እዚያው ግቢው አሸዋ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

እሱ ግን አልጨረሰም። የሞተችውን እናት ቤት ውሰዱኝ አለ። ሰዎቹ፣ «ተው፣ ምን ትላለህ? ቁጣ ይሆናል» አሉት። ሄደ። አሪየት ልታስተረጉም አብራው ሄደች፤ እኔም ተከተልኩ። ባልየው የለም፤ የሟቿ እናት ከጎጆው ጥላ ሥር ሕፃኑን ይዘው ተቀምጠዋል። ጋሽ ኦቻላ ፊታቸው ቆመ። «መድኃኒቱ እንደተበላሸ የሚናገር መልእክት በየቀኑ ይላክ ነበር» አለ። «የጣልኩት እኔ ነኝ። ልጄ አይደለችም፣ እዚህ ያሉት ልጆችም አይደሉም።» አሪየት እያንዳንዷን ቃል ወደ ኑዌርኛ መለሰች፤ የአባቷን ጥፋት በራሷ አፍ።

ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ አዩት። አልጮኹም፣ አልተራገሙም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። አሪየት ወደ አባቷ ዞረችና፣ «ስሟን ታውቃለህ ወይ? ነው የሚሉህ» አለችው።

አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። በሠንጠረዦቻችን ውስጥ ጤና ጣቢያ አለ፣ ሰዓት አለ፣ ዲግሪ አለ፤ ስም የለም።

«ኛዳክ» አሉ ሴትዮዋ። እሱም ደገመላቸው፣ «ኛዳክ»፤ አስተካከሉት፤ አስተካክሎ እስኪለው ድረስ ደጋገመው። ሕፃኑን አቀበሉት። እጁ፣ አልኳችሁ፣ የተረጋጋ ነው፤ ያዘው።

ከዚያ ወዲህ የቢሯችን ነገር ተለወጠ። ድግም የሚባለው ላኪው በጻፈው ሰዓት ብቻ መለየቱ ቀረ፤ በስልክ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ተብሎ እንዲጻፍ ሆነ። የተጣለ ሁሉ ከነምክንያቱ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል፤ አይጠረግም። ጋሽ ኦቻላ የተጣሉትን ሁሉ የሚያወጣውን ጥያቄ ጽፎ አስቀመጠና ስም አወጣለት፦ ኛዳክ። በየማለዳው ቁልፉን ቀጭ ቀጭ እያደረገ፣ «ኛዳክን ጠየቅሽ?» ይለኛል። ሠላምታው ያ ሆነ። እፎይ ያለ መስሏችኋል? በጭራሽ። ድሮ የሚንጎራደደው ስለሚያስብ ነበር፤ ከማታር ወዲህ ግን መቆም ስላልቻለ ነው። «ጋሼ፣ ባታገኘው ኖሮ ዛሬም ሴቶች ይሞቱ ነበር እኮ» ስለው፣ «ባልጥለው ኖሮስ?» ይለኛል። ይህን መልሱን እስከ ዛሬ ማለፍ አልቻልኩም፤ አንዳንዴ ዝም ብዬ እናደድበታለሁ፣ ከሞተም በኋላ።

ለቅሶው ከቤቱ ደጅ፣ ትልቁ ማንጎ ሥር በተተከለ ድንኳን ነበር። ሰው ሁሉ መጥቷል፤ አቶ ግርማም፣ አስናቀም ከማታር፣ ያ የባጃጅ ሹፌር እንኳ ሳይቀር። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን በአኝዋኛ ይዘምራሉ። እኔ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። አሪየት ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ ወደ እኔ መጣች፤ ዓይኗ አብጧል። አቅፋኝ የምታለቅስ መስሎኝ ብድግ አልኩ።

«እህት ጽጌ፣ ዛሬ ኛዳክን ጠየቅሻት?» አለችኝ።

«አሪየትዬ፣ ለቅሶ ላይ ነን እኮ…»

«አባቴ ቢሆን ይቀመጥ ነበር?»

ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ቢሮው እሑድ ስለሆነ ጭር ብሏል። ጀሪካኑ ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው፣ ቦርሳው ብቻ የለም። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ኛዳክን ጠየቅኩ። አንዲት ረድፍ ወጣች። ጎግ፤ የእሱ አገር። ላኪዋ ዲግሪውን በቁጥር ሳይሆን በፊደል፣ «ሃያ አራት» ብላ ስለጻፈችው ወንፊቱ አላውቀውም ብሎ ጥሎታል።

ደወልኩ። አንዲት ልጅ አነሣች፤ ከኋላዋ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል።

«ከጠዋት ጀምሮ ፍሪጁ እየሞቀ ነው?» አልኳት።

«አዎ፣ ልኬላችሁ ነበር እኮ። ‹ደርሷል› ሲለኝ ያያችሁት መስሎኝ…»

«አሁን አየሁት» አልኳት። «ከፍሪጁ ምንም መድኃኒት አውጥታችሁ ለሰው እንዳትሰጡ። እየመጣን ነው።»